በ«ቢግ» የተፈተነ የተመሳሳይ ቃላት መጽሐፍ

የተመሳሳይ ቃላት መጽሐፍን ጥራት ለመለካት ብርቅ ቃል ይዞ መቅረብ አይጠቅምም። ብርቅ ቃል ፍቺው አንድ ወይም ሁለት ስለሆነ ማንኛውም መጽሐፍ በቀላሉ ይወጣዋል፤ መጽሐፉን የሚያስጨንቀው፣ እንግሊዝኛ በጀመርንበት ሳምንት የተማርነውና ከዚያ በኋላ ዞር ብለን ያላየነው ተራ ቃል ነው። ስለዚህ ለዚህ ግምገማ መፈተኛ እንዲሆነኝ «ቢግ» የሚለውን ቅጽል መርጫለሁ። «ትልቅ ማለት ነው» ብለን ካለፍነው ብዙ ዓመት ቢሆነንም፣ ጽሑፍ ላይ ስንቀመጥ ግን በየአንቀጹ እየተመላለሰ የሚያታክተን፣ ልንለውጠው ስንሞክርም ከለወጥነው በኋላ ዓረፍተ ነገሩን የሚያጣምምብን ቃል እሱ ነው።

የሚገመገመው መጽሐፍ የሮዤ ቴሶረስ ነው። ፒተር ማርክ ሮዤ እ.ኤ.አ. በ1779 ለንደን ውስጥ የተወለዱ ሐኪም ሲሆኑ፣ ከ1827 እስከ 1848 የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር የሆነው የሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ ሆነው አገልግለዋል። የመጀመሪያውን የቃላት ዝርዝር በ1805 ለራሳቸው መጠቀሚያ አዘጋጅተው ለአርባ ሰባት ዓመታት ያህል በእጃቸው ካቆዩት በኋላ፣ ሥራቸውን ለአንባቢ ያበቁት በ1852፣ የ73 ዓመት አዛውንት ሆነው ነው። የመጀመሪያው እትም ወደ 15,000 የሚጠጉ ቃላትን ይዞ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት እትሞች በብዙ እጥፍ አድገዋል። ቴሶረስ የሚለው ስም ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ግምጃ ቤት ወይም የተከማቸ ሀብት ነው። አስገራሚው ነገር እኛም ይህንኑ ስም ሳናውቀው እየተጠቀምንበት መኖራችን ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ልባችን አብሮት እንደሚሆን የተነገረን «መዝገብ» በግሪክኛው ይኸው ቃል ነው። «መዝገበ ቃላት» ስንል እንግዲህ የቃላት ግምጃ ቤት ማለታችን ነው።

መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገልጥ ሰው እንደ መዝገበ ቃላት በፊደል ተራ የተደረደረ መስሎት መጀመሪያ ገጽ ላይ ፍለጋ ይጀምርና ግራ ይጋባል። ሮዤ ቃላቱን የደረደሩት በፊደል ሳይሆን በሐሳብ ነው። ዓለምን በሙሉ ከስድስት ክፍሎች ከፈሏት፤ ረቂቅ ዝምድናዎች፣ ኅዋ፣ ቁስ፣ አእምሮ፣ ፈቃድና ስሜት። በእነዚህ ሥር 1,000 ያህል ቁጥር የተሰጣቸው ርዕሶችን አስፍረው፣ ተቃራኒ ሐሳቦችን ጎን ለጎን አቆሙ። ተጠቃሚው የያዘውን ቃል ከኋላ ባለው ማውጫ ይፈልግና ቁጥሩን ይዞ ወደ ዋናው ክፍል ይመለሳል። ይህ አካሄድ ለችኩል ሰው ፈተና ነው። እኔ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደድኩት፤ ምክንያቱም ወደ ቁጥሩ ስንሄድ የፈለግነውን ቃል ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱንና ባላንጣውንም አብረን እናያለን።

እኔ የሠራሁበት የቅጂ መብቱ ያለፈበትና በነጻ የሚገኘው የ1911 እትም ነው። አዳዲሶቹ እትሞች የርዕሶቹን ቁጥር በየራሳቸው መንገድ ስላሸጋሸጉ፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን ቁጥሮች በሌላ እትም የሚፈልግ ሰው ላያገኛቸው ይችላል።

ማውጫው «ቢግ»ን ወደ 192 ይመራዋል። ርዕሱ መጠን የሚል ሲሆን፣ ተከታዩ 193 ደግሞ ትንሽነት ነው። የ192 ቅጽሎች «ላርጅ» እና «ቢግ» ብለው አጠገብ ለአጠገብ ይጀምራሉ፤ ወዲያውም «ግሬት» ለሚል ሰው፣ ነገሩ የብዛት ከሆነ ወደ 31 ሂድ የሚል ምልክት ይከተላል። ቀጥሎ «ባልኪ»፣ «ማሲቭ» እና «ኤምፕል» የመሳሰሉት ይመጡና፣ ድንገት አንቀጹ ወደ ሰው አካል ይዞርና «ኮርፑለንት»፣ «ስታውት»፣ «ፋት»፣ «ፕላምፕ»፣ «በርሊ» እያለ ወፍራሞቹን ሁሉ ይሰበስባል። ከዚያ «እጅግ ግዙፍ» የሚል ፍቺ ያላቸው የጉልበተኞቹ ቃላት ተራ ነው፤ «ኢሜንስ»፣ «ሂዩጅ»፣ «ኢኖርመስ»፣ «ቫስት»፣ «ጃይጋንቲክ»፣ «ኮሎሳል»። ከስሞቹ መካከል ዓሣ ነባሪ፣ ዝሆንና ጉማሬም ተሰልፈዋል። ይህን ገጽ ያነበበ ሰው የቃል ረሃብ እንደማይሰማው እመሰክራለሁ።

ከሁሉ የወደድኩለት ግን 31ን እና 192ን መለያየቱን ነው። ቁጥር 31 ትልቅነትን እንደ ብዛትና እንደ ደረጃ አድርጎ ረቂቅ ዝምድናዎች ከሚባለው ከመጀመሪያው ክፍል ሲያስቀምጠው፣ 192 ደግሞ ቦታ የሚይዝ አካልን መጠን ኅዋ በሚባለው ክፍል ያኖረዋል። ተማሪ ለዓመታት የሚቸገርበትን የ«ግሬት»ንና የ«ላርጅ»ን ልዩነት ሮዤ በአንዲት ቃል ሳያብራሩ በመደርደሪያቸው አቀማመጥ ብቻ ነግረውናል፤ «ግሬት» በዋናነት የማይዳሰሰውን ነገር ያገንናል፣ «ላርጅ» የሚዳሰሰውንና የሚቆጠረውን። ችግሩ ይህን የሚረዳው አስቀድሞ ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ነው።

የመጽሐፉ ዋና ጉድለትም እዚህ ላይ ነው። ቃላቱን ይሰጠናል፣ የቃላቱን ወዳጆች ግን አይነግረንም። እያንዳንዱ ቅጽል አብሮት ሊቀመጥ የሚወደውና ጨርሶ የማይቀርበው ስም አለው። በአማርኛ ብናየው ነገሩ ወዲያው ይገለጣል። «ጎምቱ ፖለቲከኛ» ያልነውን አፍ «ጎምቱ ቤት» በል ብንለው ይስቃል፤ «አንጋፋ ድምጻዊ» ይባላል፣ «አንጋፋ ድንጋይ» አይባልም። ሁለቱም ቃላት ግን ከ«ትልቅ» እና ከ«ታላቅ» ጋር በአንድ ዝርዝር ቢገቡ ማንም አይቃወምም። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው ያን ዝርዝር ብቻ ይዞ ቢወጣ ምን ሊል እንደሚችል መገመት አያዳግትም፤ እኛም 192ን ይዘን ስንወጣ ከዚያ ሰው አንሻልም።

ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ፣ በአንድ አንቀጽ ውስጥ «ቢግ» ሦስት ጊዜ ገባብኝ። ሦስተኛው «ታላቅ ወንድሜ» የሚለው ላይ ነበር። ድግግሞሹ ስላላማረኝ ከዝርዝሩ አጠገቡ ያለውን «ላርጅ» አንስቼ ተካሁት። ረቂቁን ያየው አርታዒ ቃሉን በቀይ ከቦ ከጎኑ «ለመሆኑ ወንድምየው ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ ጻፈበት። «ላርጅ» ለሰው ሲነገር ውፍረትን በጨዋ አነጋገር መጥራት መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር። ደንግጬ ወደ «ግሬት» ቀየርኩት፤ ይኼ ደግሞ ወንድምየውን «ድንቅ ወንድም» አደረገው። ትክክለኛው ምትክ «ኤልደር» ነበር፤ እሱ ግን በ192 ውስጥ የለም፤ የሚገኘው በዕድሜ ርዕስ ሥር ነው። መጽሐፉ አልዋሸኝም፤ «ቢግ» ከወንድም ጋር ሲሆን መጠንን ትቶ ዕድሜን እንደሚያመለክት ግን አልነገረኝም። እኛ «ታላቅ» እና «ትልቅ» ብለን የለየነውን እንግሊዝኛው በአንድ ቃል አጠቃሎታል።

ከዚያ ወዲህ ባደረግሁት ፍተሻ ሦስቱ ቃላት የየራሳቸው መንደር እንዳላቸው ተረድቻለሁ። ቤት፣ ከተማ ወይም ውሻ ሲሆን «ቢግ»ም «ላርጅ»ም ይገባሉ፤ ልዩነቱ «ቢግ» የአፍ፣ «ላርጅ» የብዕር ቃል መሆኑ ነው። ቁጥር፣ መጠን፣ ድርሻ ወይም ስፋት ሲመጣ «ላርጅ» ወንበሩን ለማንም አይለቅም። እኛ «ብዙ ሰው» ወይም «ከፍተኛ መጠን» የምንለው ቦታ ላይ ማለት ነው። የልብስ ልኬትም የእሱ ነው፤ በሸሚዝ አንገት ላይ «ቢግ» ተብሎ ተጽፎ ያየ የለም። ስህተት፣ ውሳኔ፣ ችግርና ድንገተኛ ዜና ግን ወደ «ቢግ» ያደላሉ፤ «ላርጅ ሚስቴክ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሰዋስው ባይጥስም ጆሮ ይጎረብጣል። ጥንቃቄ፣ ፍላጎት፣ ደስታ፣ ክብደት የሚሰጠው ጉዳይና የመሳሰለው ረቂቅ ስም ደግሞ የ«ግሬት» ነው። በማመልከቻ ላይ «ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ» ለማለት «ቢግ ኢንተረስት» ብሎ የሚጽፍ ሰው የቃሉን ፍቺ አላጣም፤ የቃሉን ጎረቤት ነው ያጣው።

አንዳንዴ ሁለቱ ቃላት አብረው ይቆማሉ። «ግሬት ቢግ» ብሎ ስለ አንድ ውሻ የሚናገር ሰው በ«ግሬት» የ«ቢግ»ን ኃይል ማጉላቱ ነው፤ እኛ «ትልቅ፣ በጣም ትልቅ» እንደምንለው። ቅደም ተከተላቸው ግን አይገለበጥም። የፊዚክስ ሊቁ ፍሬድ ሆይል እ.ኤ.አ. በ1949 በቢቢሲ ሬዲዮ ሲናገር ለጽንፈ ዓለም አጀማመር «ቢግ ባንግ» የሚለውን ስም ሲጠቀም፣ ንድፈ ሐሳቡን ራሱ አይቀበለውም ነበር። «ላርጅ ባንግ» ቢል ኖሮ ስሙ የሚቀር አይመስለኝም፤ «ቢግ» አጭርና ፍንዳታ የሚመስል ድምጽ አለው። የቅንጣት መጋጫ ማሽኑ ደግሞ «ላርጅ ሃድሮን ኮላይደር» ነው፤ የመሐንዲስ ስም ስለሆነ የመሐንዲስ ቅጽል ወሰደ። ሮዤ እነዚህን ሁሉ ሊያውቁ አይችሉም ነበርና አልወቅሳቸውም።

ስለ ቃላቱ ትውልድም መጽሐፉ ዝም ይላል። ይህ ጉድለት ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የአንዳንዱ ቃል ጠባይ የሚገባን ከየት እንደመጣ ስናውቅ ነው። «ላርጅ» የላቲን ሥሩ የተትረፈረፈና ለጋስ ማለት ሲሆን፣ «ላርጀስ» የሚለው ዘመዱ ዛሬም ልግስና ማለት ነው። «ግሬት» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ወፍራምና ሻካራ ማለት ነበር፤ ዛሬ ያ ፍቺ ጠፍቶ ክብሩ ብቻ ቀርቶለታል። «ቢግ» ወደ 1300 አካባቢ ሲታይ ጠንካራና ብርቱ ማለት እንደነበር ይታወቃል፤ ከየት እንደመጣ ግን ሊቃውንቱ እስካሁን አልተስማሙም። «ቫስት» ከላቲኑ ባዶና ጠፍ ከሚለው ቃል ስለወጣ በረሃ፣ ውቅያኖስና ሰማይ ይስማሙታል፤ ዝሆን ግን ሙሉ አካል እንጂ ባዶ ሜዳ ስላልሆነ «ቫስት» አይባልም። «ኢሜንስ» ያልተለካ ማለት ነው፤ የእኛው «ስፍር የሌለው» በሌላ አገር ልብስ። «ኢኖርመስ» ደግሞ ከአናጺ መለኪያ የወጣ፣ ከልኩ ያለፈ ማለት ነው። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፤ «ኢኖርሚቲ» የሚለውን ስም የሥራን ግዝፈት ለመግለጽ የሚጠቀሙበት ብዙ ቢሆኑም ጠንቃቃ አርታዒዎች እስከ ዛሬ ለአሰቃቂ ክፋት ብቻ ይጠብቁታል። የተቋምን «ኢኖርሚቲ» አድንቆ የጻፈ ሰው ሳያስበው ሊከሰው ይችላል። «ኮሎሳል» ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 ገደማ ሮድስ ደሴት ላይ ከቆመውና ግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል ቆይቶ በመሬት መንቀጥቀጥ ከወደቀው ሐውልት ስም ጋር ይያያዛል፤ «ጃምቦ» ደግሞ ከለንደን መካነ እንስሳት በ1882 ለአንድ አሜሪካዊ የሰርከስ ባለቤት የተሸጠና ከሦስት ዓመት በኋላ በባቡር ተገጭቶ የሞተ ዝሆን ስም ነው። ይኸኛው ዝሆን ዛሬ የአውሮፕላን መጠሪያ ሆኗል።

እነዚህን ጉልበተኛ ቃላት በተመለከተ መጽሐፉ ሊያስጠነቅቀን ሲገባ ያላስጠነቀቀን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እኛ «በጣም ትልቅ» እንደምንለው «በጣም ግዙፍ»ም እንላለን፤ «በጣም» ለሁሉም ያገለግላል። በእንግሊዝኛ ግን «ቬሪ» ከ«ቢግ» እና ከ«ላርጅ» ጋር እንጂ ከ«ሂዩጅ» እና ከ«ኢኖርመስ» ጋር እምብዛም አይስማማም፤ እነዚህ በውስጣቸው «በጣም»ን የያዙ ናቸውና። ማጉላት ካስፈለገ «አብሶሉትሊ» (ፍጹም) ይቀድማቸዋል፤ እሱ በተራው ከ«ቢግ» ጋር አይኖርም። የእኛ ሰው የሚጽፈውን እንግሊዝኛ ሳርም «ቬሪ ሂዩጅ» የሚለውን ያህል ደጋግሜ የምሰርዘው ጥንድ የለም፤ ሰውየው ያሰበው በአማርኛ ስለሆነ አልፈርድበትም።

ለማነጻጸር በስልኬ ላይ ካሉት የተመሳሳይ ቃላት መተግበሪያዎች አንዱንም በዚሁ ቃል ፈተንኩት። ስሙን አልጠራም፤ ዓይነቱ ብዙ ነውና አንዱን መነጠል አግባብ አይሆንም። ብዙዎቹ ነጻ መሣሪያዎች መረጃቸውን የሚቀዱት ከዎርድኔት ነው። ዎርድኔት በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በጆርጅ ሚለር መሪነት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የተገነባ ሲሆን፣ ቃላትን በፍቺያቸው እየቧደነ ከ117,000 በላይ ቡድኖችን የያዘና እያንዳንዱን ቡድን በአጭር ማብራሪያ የሚያስረዳ ትጉህ ሥራ ነው። ከ«ቢግ» ቡድኖች አንዱ የመውለጃ ጊዜዋ የተቃረበ ነፍሰ ጡርን የሚገልጽ በመሆኑ «ሄቪ» እና «ግራቪድ» የሚሉ ቃላት አብረው ተቀምጠዋል። በዎርድኔት ዘንድ ማብራሪያው አለና ማንም አይሳሳትም። መተግበሪያው ግን ማብራሪያዎቹን አራግፎ ቃላቱን በአንድ ከረጢት ከትቷቸዋል፤ ስለዚህ ለ«ትልቅ ቢሮ» ምትክ የሚፈልግ ሰው «ግራቪድ» የሚል ሐሳብ ይቀርብለታል። ነፍሰ ጡር ቢሮ! ሮዤ ቢያንስ ቃላቱን በሰሚኮለንና በአንቀጽ ከፋፍለው፣ ወፍራሙን ከሰፊው፣ ሰፊውን ከግዙፉ አራርቀውታል። ፍጥነት ከተባለ መተግበሪያው ይቀድማል፤ አንድ ጊዜ መንካት ይበቃልና። ፍጥነቱ ወደ የት እንደሚያደርሰን ግን ከላይ አይተናል።

ጉድለቱን የሚሞላው ሦስተኛ ዓይነት መሣሪያ ነው፤ ለተማሪ የተዘጋጁትና የትኛው ቅጽል ከየትኛው ስም ጋር እንደሚሄድ በምሳሌ የሚያሳዩት የቃላት ቁርኝት መዝገቦች። በእነዚህ የምንፈልገው ቅጽሉን ሳይሆን ስሙን ነው። ስህተት የሚለውን ስም ስንከፍት ከፊቱ የሚቆሙ ቅጽሎች ይዘረዘራሉ። ለሥራ ደብዳቤ ይህ ብቻ ይበቃል። የሚጎድላቸው ነገር ሐሳብን ማስፋት ነው፤ አስቀድመን የያዝነውን ስም ያለብሱልናል እንጂ ያላሰብነውን አያቀብሉንም። ከ192 ወደ 31፣ ከ31 ወደ ሌላው እየዘለልኩ ልጽፈው ካሰብኩት የተሻለ ነገር ያገኘሁባቸው ምሽቶች ጥቂት አይደሉም፤ ያ ደስታ በቁርኝት መዝገብ ውስጥ የለም።

ስለ መጽሐፉ አካል ጥቂት ልበል። የድሮው እትም ፊደሉ ደቃቃ፣ ዓምዶቹ የተጣበቡ ናቸው፤ በአንድ መስመር ስድስትና ሰባት ቃል ተጨናንቆ ሲታይ ዓይን ይደክማል። በየቦታው ወደ ሌላ ቁጥር የሚልኩ ምልክቶች ስላሉ፣ መጽሐፉን በአንድ እጅ ይዞ ማንበብ አይቻልም፤ ጣት ማውጫው ውስጥ፣ ሌላ ጣት 31 ላይ፣ ዓይን 192 ላይ ይሆናል። በዘመኑ የነበሩና ዛሬ ማንም የማይጠቀምባቸው ቃላትም ሳይለዩ ተቀላቅለዋል፤ «ቫስቲ» የሚለው ከ«ቫስት» አጠገብ ልክ እኩያው መስሎ ተቀምጧል። በአዳዲሶቹ እትሞች ያረጁት ስለተቀነሱና የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላት ስለተጨመሩ፣ ለዕለት ሥራ የሚገዛ ሰው አዲስ እትም ቢመርጥ ይሻለዋል። ከገዛ ደግሞ በፊደል ተራ የተዘጋጀውን ሳይሆን በሐሳብ የተደረደረውን እንዲገዛ እመክራለሁ፤ በሽፋናቸው ላይ የሮዤን ስም የለጠፉ፣ ውስጣቸው ግን ተራ የፊደል ዝርዝር የሆነ መጻሕፍት ብዙ ናቸውና ከመክፈል በፊት ገልጦ ማየት ያስፈልጋል።

ለጀማሪ ተማሪ ይህን መጽሐፍ አልሰጥም። ገና «ቢግ»ን በትክክል ያልተጠቀመ ሰው ሃያ ምትክ ቢሰጡት ሃያ ስህተት ይሠራል። የመካከለኛ ደረጃ ተማሪም የቁርኝት መዝገብ ከጎኑ ከሌለው ባይነካው ይሻላል። ለተርጓሚ፣ ለአርታዒና እንግሊዝኛ አንብቦ ለጠገበ ጸሐፊ ግን ከአምስት ኮከብ አራቱን ያለማመንታት እሰጠዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው በመጽሐፉ የሚፈልገው የሚያውቀውንና በምላሱ ጫፍ ላይ ቆሞ አልወጣ ያለውን ቃል ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሮዤን ያህል ታማኝ ረዳት አላየሁም። አምስተኛውን ኮከብ የነሣሁት ስለ ወንድምየው ነው።

በእኔ ቅጂ 192 ዳር ላይ በእርሳስ የጻፍኳት አንዲት መስመር አለች፦ «ወንድምና እህት ሲሆን ቢግ ወይም ኤልደር ብቻ፤ ላርጅ ከመጻፍህ በፊት ኪሎውን ጠይቅ።»